ኦኢአይኤስ፦ ቁጥርን በሌላ ቤዝ መጻፍ ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ አገልግሎት አላየሁም

ኦኢአይኤስ (OEIS) የቁጥር ዝርዝሮች ተሰብስበው የሚፈለጉበት ድረ ገጽ ነው። ነገሩ የጀመረው ግን በካልኩሌተር ነው። የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ነው። አንድ ማታ ደብተሩን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ 19ን በቤዝ 5 ስጽፈው 34 ይሆናል፣ በቤዝ 7 ደግሞ 25፤ ግን እስከ ስንት ቤዝ ነው የሚኬደው?» አለኝ። ጥያቄው በጣም ደስ አለኝ። «እስከፈለግከው ድረስ» አልኩትና በማግስቱ ሳይንሳዊ ካልኩሌተር ልገዛለት ወጣሁ። ሻጩ «ይሄ ሁሉንም ቤዝ ይሠራል» ብሎ ነው የሸጠልኝ። ቤት ገብተን ስንከፍተው ያለው አራት ብቻ ነው፦ 2፣ 8፣ 10 እና 16። 5 የለም። 7 የለም። 12 የለም። ልጁ ምንም አላለም፣ ግን ቅር እንዳለው ፊቱ ላይ አየሁት።

ስለዚህ በእጅ ሠራነው። ቤዝ ምን እንደሆነ ለረሳ ሰው ባጭሩ ልበል። 347 ስንል ሦስት መቶ፣ አራት አሥርና ሰባት አንድ ማለታችን ነው፤ የአሃዞቹ ቦታ ወደ ግራ በሄደ ቁጥር ዋጋው በአሥር ይባዛል። አሥሩን በሌላ ቁጥር ብትተኩት ሌላ ቤዝ ሆነ ማለት ነው። በቤዝ 5 ቦታዎቹ 1፣ 5፣ 25፣ 125 እያሉ ይሄዳሉ። 19 ውስጥ ሦስት አምስትና አራት አንድ አለ፣ ስለዚህ 34 ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩ ያው ነው፣ ልብሱ ነው የተቀየረው።

ልጁ ከዚህ ተነስቶ የራሱን ጨዋታ ፈጠረ። አንድ ቁጥር ይይዝና በየቤዙ እየጻፈ፣ ከግራም ከቀኝም ሲነበብ አንድ የሚሆንበትን ቤዝ ይፈልጋል። «ማማ» የሚለውን ቃል ከየትኛውም ጫፍ ብታነቡት ማማ እንደሚሆነው ማለት ነው። ፓሊንድሮም ይባላል። 13 በቤዝ 3 ሲጻፍ 111 ነው። 23 በቤዝ 3 212 ነው። 41 በቤዝ 5 131 ነው። እያንዳንዱ ሲገኝ ይጮሃል።

አንድ ሕግ ማውጣት ነበረብን። ቤዙ ከቁጥሩ ከበለጠ ቁጥሩ አንድ አሃዝ ብቻ ይሆናል፣ ያ ድል አይባልም። ቤዙ ከቁጥሩ በአንድ ካነሰ ደግሞ ሁልጊዜ 11 ነው የሚመጣው፣ እሱም ድል አይባልም። ስለዚህ ከቤዝ 2 ተነስተን ከቁጥሩ ሁለት ቀንሰን እስከምናገኘው ቤዝ ድረስ ብቻ እንፈልጋለን ተባባልን። ሦስት ማታ ፈጀብን። ከመቶ በታች ካሉት ውስጥ በየትኛውም ቤዝ እሺ ያላሉት ሰባት ናቸው፦ 4፣ 6፣ 11፣ 19፣ 47፣ 53 እና 79። አንድ፣ ሁለትና ሦስትን አልቆጠርናቸውም፣ የሚፈተኑበት ቤዝ ስለሌላቸው።

እነዚህን ሰባት ቁጥሮች በኮማ ለይቼ ኦኢአይኤስ መፈለጊያ ላይ ጻፍኳቸው። ኤ016038 የሚል መለያ ያለው ገጽ መጣ። ቀጣዩ 103 ነው ይላል፣ ከዚያ 137፣ 139፣ 149። ስሙን ወደ አማርኛ ብመልሰው «ፈጽሞ ፓሊንድሮም የማይሆኑ ቁጥሮች» ነው። አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በደብተሩ ላይ ያወጣው ዝርዝር መለያ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ማብራሪያ ተጽፎለት፣ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀው ማየት ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። ልጁ ስክሪኑን እየነካ «ሌላ ሰውም አስቦታል» አለ። እኔ በዚያች ደቂቃ ነው አገልግሎቱን የወደድኩት።

አሁን አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው በየሳምንቱ ስጠቀምበት፤ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ኦኢአይኤስ ሙሉ ስሙ የመስመር ላይ የኢንቲጀር ሲኩዌንሶች ኢንሳይክሎፒዲያ ነው። ኢንቲጀር ክፍልፋይ የሌለው ቁጥር ነው። ሲኩዌንስ ማለት በሆነ ሕግ ተከታትለው የሚመጡ ቁጥሮች ናቸው፤ እኔ ከዚህ በኋላ ተርታ እለዋለሁ። የጀመረው ኒል ስሎን የሚባል የሒሳብ ሰው ነው፣ በ1964 እ.ኤ.አ.፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ። ለጥናቱ ሲሠራ 0፣ 1፣ 8፣ 78፣ 944 የሚል ተርታ አገኘና ቀጣዩን የሚነግረው መጽሐፍ ፈለገ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ አልነበረም። ስለዚህ ያገኘውን ተርታ ሁሉ በካርድ ላይ እየጻፈ መሰብሰብ ጀመረ። በ1973 2,372 ተርታዎች ይዞ በመጽሐፍ ወጣ። በ1995 ሁለተኛው መጽሐፍ ከ5,400 በላይ ይዞ መጣ። በ1996 ኢንተርኔት ላይ ወጣ፣ ዛሬ ከ350,000 በላይ ተርታዎች አሉት። ያቺ የመጀመሪያዋ ተርታ አሁንም አለች፣ መለያዋ ኤ000435 ነው። ከ2009 ወዲህ ባለቤቱ ለትርፍ ያልቆመ ፋውንዴሽን ነው። ለመጠቀም አትከፍሉም፣ መመዝገብም አያስፈልግም።

አጠቃቀሙ ይህን ያህል ቀላል ነው፦ ያላችሁን ቁጥሮች በኮማ ለይታችሁ ትጽፋላችሁ፣ ትፈልጋላችሁ። አምስት ስድስት ቁጥር ብትሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። የሚመጣው ገጽ የተርታውን ስም፣ ቁጥሮቹን፣ ሰዎች የጻፉትን ማስታወሻ፣ ቀመር፣ ምሳሌ፣ ተርታውን የሚያወጣ የኮምፒውተር ኮድና ዘመዶቹ የሆኑ ሌሎች ተርታዎችን ይዟል። እኔን ያሰረኝ ማስታወሻውና ዘመዶቹ ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው እያልኩ ማታውን አሳልፋለሁ።

ወደ ኤ016038 ልመለስ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው። ማስታወሻው ላይ አንድ አረፍተ ነገር አለ፦ ከ6 በላይ ያሉት ሁሉ ፕራይም ናቸው የሚል። ፕራይም፣ ትምህርት ቤት ብቸኛ ቁጥር የምንለው፣ ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የሌለው። ዝርዝራችንን መልሰን አየነው፦ 11፣ 19፣ 47፣ 53፣ 79። እውነትም ሁሉም ፕራይም! ሦስት ማታ ስንሠራው አላየነውም። ለምን እንደሆነ ግን ገጹ ላይ ከማንበብ ይልቅ ራሳችን እንሞክረው ብለን ዘጋነው።

ምክንያቱ የሚያምር ነው፣ ስለዚህ አልዘለውም። ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው የሚሰጡት ቁጥር ውሰዱ፣ ለምሳሌ 35፣ 5 በ7። ከትልቁ አባዢ ላይ አንድ ቀንሱና እሱን ቤዝ አድርጉት፣ 6 ማለት ነው። ሰባት አምስቶች ማለት ስድስት አምስቶችና አንድ ተጨማሪ አምስት ነው፤ ስለዚህ 35 በቤዝ 6 ሲጻፍ 55 ነው። አለቀ። ቢያንስ በሁለት ለሚበላለጡ ሁለት አባዢዎች ሁሉ ይሠራል። 1888፣ የዓድዋው ዓመት፣ 32 በ59 ነው፤ በቤዝ 58 ስትጽፉት ሁለት አሃዝ ብቻ አለው፣ 32 እና 32። አባዢዎቹ በአንድ ብቻ ከተበላለጡ፣ እንደ 3 በ4፣ ይሄ ዘዴ አይሠራም፤ ግን 12 ሌላ ጥንድም አለው፣ 2 በ6፣ በቤዝ 5 22 ይሆናል። 6 ያመለጠው 2 በ3 ካልሆነ ሌላ ጥንድ ስለሌለው ነው። አንድ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚመጣውስ? 25 በቤዝ 4፣ 49 በቤዝ 6፣ ሁለቱም 121 ናቸው። ከ6 በላይ ካሉት 9 ብቻ በዚህ መንገድ አይመጣም፣ እሱ ደግሞ በቤዝ 2 1001 ነው። እንግዲህ ከ6 በላይ ሊያመልጥ የሚችለው አባዢ የሌለው ብቻ ነው። ማምለጥ ይችላል ማለት ግን ሁሉም ያመልጣል ማለት አይደለም፤ 13 ፕራይም ነው ግን በቤዝ 3 ተይዟል።

እዚህ ላይ ነው ስለ ቤዝ ያለኝ ሐሳብ የተቀየረው። አንድን ቁጥር በአንድ ቤዝ ስታዩት የምታገኙት ጠባይ የአጻጻፉ ነው። በሁሉም ቤዝ አንድ ላይ ስትጠይቁት ግን አጻጻፉ ይወድቅና ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ፓሊንድሮም መሆን የአጻጻፍ ጉዳይ ነው፣ በየትኛውም ቤዝ እምቢ ማለት ግን አባዢ ከሌለው ቁጥር ጋር ተያያዘ። ኦኢአይኤስ ይህን ልዩነት በደንብ ያውቃል። ከእያንዳንዱ ተርታ ሥር አጫጭር መለያ ቃላት አሉ፣ ከእነሱ አንዱ «ቤዝ» ነው። አንድ ተርታ ይህ ቃል ካለበት ጠባዩ በተጻፈበት ቤዝ ላይ የተመሠረተ ነው ማለት ነው። ለእኔ ከአገልግሎቱ ሁሉ ትልቁ ጥቅም ይቺ አንዲት ቃል ናት።

ለምሳሌ ደስተኛ ቁጥሮች የሚባሉ አሉ፣ ኤ007770። የቁጥሩን አሃዞች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው ታባዛላችሁ፣ ትደምራላችሁ፣ በመጣው ቁጥር እንደገና ትደግሙታላችሁ። መጨረሻው 1 ከሆነ ደስተኛ ነው። 7 ወደ 49፣ ከዚያ 97፣ 130፣ 10፣ ከዚያ 1 ይደርሳል። 4 ግን ሲዞር ይኖራል እንጂ 1 አይደርስም። ልጁ ይህን ሲሰማ 4 አሳዘነው። እኔም «ቤዝ» የምትለዋን ቃል አሳየሁትና ወደ ቤዝ 4 ወሰድኩት። እዚያ ማንም አይቀርም፣ ሁሉም ቁጥር ደስተኛ ነው። በቤዝ 2ም እንዲሁ። አዝኖ የነበረው 4 በቤዝ 4 10 ተብሎ ይጻፋል፣ አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚቀረው።

ሌላው የሃርሻድ ቁጥሮች ናቸው፣ ኤ005349፤ ካፕሬካር የተባለው የሕንድ የትምህርት ቤት መምህር ነው ስሙን የሰጣቸው። አሃዞቹ ተደምረው የሚመጣው ድምር ቁጥሩን ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ከሆነ ሃርሻድ ነው። 18 አንድ ሲደመር ስምንት 9 ነው፣ 9 ደግሞ 18ን ያካፍላል። ይህም በቤዙ ይወሰናል። በሁሉም ቤዝ ሃርሻድ የሚሆኑ ቁጥሮች አራት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 2፣ 4 እና 6። ሌላ የለም። የሚገርመው 12 ነው። በሁሉም ቤዝ ያልፋል፣ በአንዱ ብቻ ይወድቃል፣ በቤዝ 8። እዚያ 14 ተብሎ ይጻፋል፣ ድምሩ 5፣ 5 ደግሞ 12ን አያካፍልም። ይህን በእጅ መሞከር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ ሞክሩት።

እስካሁን ያወራሁት ስለተለመደው ዓይነት ቤዝ ነው። ከዚያ ወጣ ያሉትም እዚያ አሉ፣ ያውም ብዙ። ከሁሉም የወደድኩት ኤ039724ን ነው፣ ቤዙ ኔጌቲቭ ሁለት የሆነውን። ቦታዎቹ 1፣ ኔጌቲቭ 2፣ 4፣ ኔጌቲቭ 8፣ 16 ናቸው። ከአንድ ጀምሮ ስትቆጥሩ 1፣ 110፣ 111፣ 100፣ 101፣ 11010 እያለ ይሄዳል። ሁለት 110 የሆነው ከአራት ላይ ሁለት ሲቀነስ ሁለት ስለሚቀር ነው። ትልቁ ነገር የመቀነስ ምልክት አለማስፈለጉ ነው። ኔጌቲቭ 1 በዚህ ቤዝ 11 ነው። አንድን ቁጥር አይታችሁ ኔጌቲቭ ይሁን አይሁን የምታውቁት አሃዞቹን ቆጥራችሁ ነው፤ ጎዶሎ ከሆኑ ፖዘቲቭ፣ ሙሉ ከሆኑ ኔጌቲቭ። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ግሩንዋልድ በ1885 ነው ይህን የጻፈው፣ ኮምፒውተር ሳይኖር።

ኤ007623 የፋክቶሪያል ቤዝ ነው፤ ቦታዎቹ 1፣ 2፣ 6፣ 24 እየሆኑ ይሄዳሉ፣ 23 ደግሞ 321 ተብሎ ይጻፋል። ኤ014417 በፊቦናቺ ቁጥሮች፣ እያንዳንዱ ከእሱ በፊት ያሉት የሁለቱ ድምር በሆነባቸው ቁጥሮች፣ የሚጻፈው ነው። 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13 ቦታ ሆነው 0 እና 1 ብቻ ይጻፋሉ፤ ሁለት አንዶች ጎን ለጎን ካልገቡ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ አጻጻፍ ብቻ ይኖረዋል። መቶ ማለት 89 ሲደመር 8 ሲደመር 3 ነው። እነዚህን በዚሁ ልለፍ፣ ስለ ሚዛን የምነግራችሁ አለ።

ቤዝ 3 ሆኖ አሃዞቹ 0፣ 1 እና ኔጌቲቭ 1 የሆኑበት አጻጻፍ አለ። ሒሳብ ተማርኩም አልተማርኩም የሚል ማንኛውም የገበያ ሰው ይገባዋል። ሁለት ሰሃን ያለው ሚዛን አለህ እንበል፣ ድንጋዮችህ አራት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 3፣ 9 እና 27 ኪሎ። በነዚህ አራት ድንጋዮች ከ1 እስከ 40 ኪሎ ያለውን ሙሉ ኪሎ ሁሉ መመዘን ትችላለህ። 5 ኪሎ ጤፍ ለመመዘን 9ኙን በአንድ በኩል ታደርጋለህ፣ 3ቱንና 1ዱን ከጤፉ ጋር። ከጤፉ ጋር የሚቀመጠው ድንጋይ ኔጌቲቭ አሃዝ ነው፣ ባዶ ሰሃን የሚገባው 1 ነው፣ መሬት ላይ የቀረው 0 ነው። ለአንድ ኪሎ አንድ መንገድ ብቻ አለ። የቁጥሩን ምልክት ለመቀየር ድንጋዮቹን ከሰሃን ሰሃን ማዛወር በቂ ነው። በ1958 ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኒኮላይ ብሩሴንሶቭና ባልደረቦቹ ሴቱን የሚባል ኮምፒውተር በዚህ አጻጻፍ ሠርተው ነበር፤ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ተመረተ። ልጁ የሰፈራችን ባለሱቅ ጋ ሄዶ ይህን አስረዳ፤ ባለሱቁ 7ን ራሱ አወጣ፦ 9 እና 1 በአንድ በኩል፣ 3 ከዕቃው ጋር።

እዚህ ላይ ከአገልግሎቱ ትንሽ ልውጣ፣ ምክንያቱም እዚያ ሳነብ ያሰብኩት የእኛ ነገር ነው። በቤዝ 10 አሃዞችን ደምሮ 9 ያካፍለው እንደሆነ ማወቅ ሁላችንም ተምረናል። ምክንያቱ 9 ከ10 በአንድ ስለሚያንስ ነው። በቤዝ 8 ተመሳሳዩን ሥራ 7 ይሠራል፣ በቤዝ 12 11። ይህን ሳነብ የግዕዝ ቁጥር ትዝ አለኝ። የግዕዝ ቁጥር በመቶ ነው የሚሄደው። 1888ን ፲፰፻፹፰ ብለን እንጽፋለን፣ አሥራ ስምንት መቶ ሰማንያ ስምንት። ፻ መቶ ነው፣ ፼ ደግሞ መቶ ጊዜ መቶ። 123,456 ፲፪፼፴፬፻፶፮ ይሆናል፣ ሁለት ሁለት አሃዝ እየተያዘ። ዜሮ ባይኖረውም አካሄዱ የቤዝ 100 ነው። እንግዲያው እንደ 9ኙ ሕግ 99 በግዕዝ ቁጥር መሥራት አለበት! ሠራ። 1980 ፲፱፻፹ ነው፣ 19 እና 80 ሲደመር 99፤ 99 በ20 1980 ነው። 2013 ፳፻፲፫ ነው፣ 20 እና 13 ሲደመር 33፤ ስለዚህ 33 ያካፍለዋል፣ 61 ጊዜ። 11ም ያካፍለዋል ማለት ነው። በተለመደው አጻጻፍ 11 ያካፍል እንደሆነ ለማወቅ አሃዞቹን እያፈራረቁ መደመርና መቀነስ ነው፤ በግዕዙ ቡድኖቹን መደመር ብቻ ይበቃል። የቤተ ክርስቲያን ቁጥር ሁልጊዜ ሳየው ኖሬ ይህ በውስጡ እንዳለ አላወቅኩም ነበር። ኦኢአይኤስ ባይኖር ኖሮ አልጠይቀውም ነበር።

ሌላ ከእኛ ስም ጋር የተያያዘም አለ። በብዙ የሒሳብና የፕሮግራሚንግ ጽሑፎች ላይ «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚባል ዘዴ ታገኛላችሁ። 17 በ34 ለማባዛት 17ን ቀሪውን እየተዋችሁ በግማሽ እየቀነሳችሁ፣ 34ን እጥፍ እያደረጋችሁ ትወርዳላችሁ። በግራ 17፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ይሆናል፣ በቀኝ 34፣ 68፣ 136፣ 272፣ 544። በግራ ጎዶሎ ያለባቸውን ብቻ ትወስዳላችሁ፣ 34 እና 544፣ ድምሩ 578። ይህ 17ን በቤዝ 2 መጻፍ ነው፣ 10001፣ ሌላ ምንም አይደለም። ጎዶሎው 1 ነው፣ ሙሉው 0።

አሁን የማይመቸውን ልናገር፣ አገልግሎቱን ስለምወደው አልደብቅም።

አንደኛ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም በጣም በታመቀ እንግሊዝኛ። አንድ መስመር ላይ ሦስት ምልክትና ሁለት ምህጻረ ቃል ይገባል። ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ ብቻውን ከባድ ነው፣ አጠገቡ የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል። ስሞቹ ደግሞ አንዳንዴ በቃላት ጨዋታ የተሠሩ ናቸው። በቤዝ 2 ሲጻፉ የአንዶቻቸው ብዛት ሙሉ የሆነውን ቁጥሮች «ክፉ»፣ ጎዶሎ የሆነውን «አስጠሊታ» ብለዋቸዋል፣ በእንግሊዝኛ ሙሉና ጎዶሎ ከሚሉት ቃላት ጋር ስለሚመሳሰሉ። በአማርኛ ስታስረዱት ጨዋታው ይጠፋል፣ ልጁም ቁጥሮቹ ምን አጠፉ ብሎ ይጠይቃል።

ሁለተኛውና ለእኛ ጉዳይ ዋናው፣ ተርታው ውስጥ የሚገባው ኢንቲጀር ብቻ ነው። ከቤዝ 10 በላይ ስትሄዱ ከዘጠኝ ለሚበልጡት አሃዞች ፊደል ያስፈልጋል፣ ፊደል ግን አይገባም። ስለዚህ በቤዝ 12 ወይም 16 የተጻፉ ቁጥሮችን እንዳሉ አታገኙም፣ ዋጋቸው በተለመደው ቤዝ 10 ተመልሶ ነው የምታዩት። መጀመሪያ ላይ ይህ ግራ ያጋባል። ፍለጋችሁንም እንዲሁ ማድረግ አለባችሁ፦ በሌላ ቤዝ ያገኛችሁትን ወደ ቤዝ 10 መልሳችሁ ጻፉ፣ ካልሆነ በሁለቱም ሞክሩ።

ሦስተኛ፣ ቁጥር ከቤዝ ወደ ቤዝ አይቀይርላችሁም። ያ ሥራው አይደለም። እኔ ለመቀየር ቢሲ (bc) የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም እጠቀማለሁ፣ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ በቀላሉ ይገኛል። የውጤቱን ቤዝ ንገሩት፣ 7 በሉት፣ 12 በሉት፣ 58 በሉት፣ ያወጣል። ከ16 ሲያልፍ እያንዳንዱን አሃዝ በተለመደው ቁጥር በክፍተት ለይቶ ይጽፈዋል፤ 1888ን በቤዝ 58 ስትጠይቁት 32 እና 32 ጎን ለጎን ይመጣል። ኔጌቲቭ ቤዝ ግን አይቀበልም። ሁለቱን አብራችሁ ያዟቸው፣ አንዱ ያለሌላው ጎዶሎ ነው።

አራተኛ፣ «ቤዝ» የሚል መለያ ያለባቸውን ሁሉ ብትፈልጉ መዓት ይወርድባችኋል፣ አብዛኛው ደግሞ ስለ ቤዝ 10 ነው። ብዙዎቹ ብዙም የማይስቡ ናቸው፣ ይህን በግልጽ እላለሁ። አሥር ጣት ስላለን ብቻ የሚታይ ጠባይ ስንቴ ይቆጠራል? መፍትሔው «ቤዝ» ከሚለው ጋር «ናይስ» የሚለውንም መለያ ጨምሮ መፈለግ ነው፣ አዘጋጆቹ በተለይ ያማረ ብለው የለዩት ማለት ነው። ዝርዝሩ በጣም ያጥራል፣ የሚቀረው ግን ጥሩ ጥሩው ነው።

ከሚያስደስቱት ደግሞ አንዱን ሳልናገር አልቀርም። እያንዳንዱ ተርታ ግራፍ አለው፣ እንደ ሙዚቃም ማዳመጥ ይቻላል። ኤ007814ን ክፈቱና አዳምጡት። ቁጥሮችን በቤዝ 2 ስትጽፉ መጨረሻቸው ላይ ስንት ዜሮ እንዳለ የሚቆጥር ነው፦ 0፣ 1፣ 0፣ 2፣ 0፣ 1፣ 0፣ 3። ሲሰማ ዝቅ ያለች ድምፅ በየሁለቱ ትመለሳለች፣ ከእሷ በላይ ሌላ በየአራቱ፣ ከዚያ በላይ በየስምንቱ። ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማው ቤዝ 2ን በጆሮዬ የያዝኩት መሰለኝ። እህቴ ከኩሽና «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ መጣች፣ ቁጭ ብላም አዳመጠች።

የኢንተርኔት ጉዳይ ለሚያሳስበን ደግሞ ይህ አገልግሎት ቀላል ነው። ገጹ ጽሑፍ ነው፣ ቪዲዮ የለም፣ ማስታወቂያ የለም። ኔትወርክ ሲደክምም ይከፈታል። ስልክ ላይ መልኩ ያረጀ ይመስላል፣ ረጃጅሙ ኮድ ከስክሪን ይወጣል፣ ግን ይነበባል። ብዙ ቁጥር ለሚፈልግ ሰው ለብዙ ተርታዎች ረጅም ዝርዝር በተራ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል። ከዚህም በላይ የሁሉም ተርታዎች ቁጥሮች አንድ ላይ የታመቁበት ፋይል ስላለ አንድ ጊዜ አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት መፈለግ ትችላላችሁ፤ ማስታወሻዎቹ ግን እዚያ ውስጥ የሉም።

እኔ ያንን ፋይል ፍላሽ ላይ ጭኜዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ልጁ ፍላሹን ለሒሳብ መምህሩ ወሰደው፣ ከደብተሩ ጋር። አሁን ክፍላቸው በቡድን ተከፋፍሎ ከ100 እስከ 200 ያሉትን እየፈተነ ነው፤ 103ን ያገኘው ቡድን አለ፣ 137 ላይ እየተከራከሩ ነው።